አረንጓዴው ውሃ፦ አራት ኪሎ ያወቀው፣ ፒያሳ የላከው

በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል፣ ራስ መኮንን ድልድይ ስር የሚያልፈው ወንዝ መጨረሻው የት እንደሆነ የሚጠይቅ መንገደኛ ብዙ አይደለም። ውሃው ከእንጦጦ ግርጌ ተነስቶ በአራዳ ሰፈሮች ጓሮ ያልፋል። ከሌሎች ወንዞች ጋር እየተቀላቀለ ወደ አቃቂ ይወርድና አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይተኛል። ከአባ ሳሙኤል የተረፈው አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃ ይገባል። አራዳ ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ የተደፋ ውሃ፣ ቀኑ ይርዘም እንጂ፣ ቆቃ ዳር የምትኖር እናት ጀሪካኗን ከምትሞላበት ሐይቅ መድረሱ አይቀርም።

ከዚሁ ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ትንሽ ሽቅብ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ አለ። የኢትዮጵያ ሐይቆች ለምን አረንጓዴ እንደሚሆኑ፣ መቼ እንደሚሆኑና እስከ ምን ድረስ እንደሚሆኑ ከስድሳ ዓመት በፊት መጠናት የጀመረው በዚያ ግቢ በነበሩ መምህራን ነው። ከዚያ የወጣው ሥራ የዓለም ሳይንስ መጽሔቶች ላይ ታትሞ ዛሬም ይጠቀሳል።

እንግዲህ አልጌን የሚመግበው ፍሳሽና አልጌን ማንበብ የሚችለው እውቀት የአንድ ክፍለ ከተማ ልጆች ናቸው። ጎረቤታሞቹ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አልተዋወቁም።

*መጥቶ መሄድና መቀመጥ*

የኢትዮጵያን ሐይቆች መጀመሪያ የመረመሩት መንገደኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 የእንግሊዛዊው የሂዩ ስኮት የጥናት ቡድን መጥቶ የውሃ እንስሳት ናሙና ሰብስቧል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጣና ላይ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ጠርሙስ ሞልቶ የሚመለስ ሰው የሚያየው ሐይቁ በዚያ ቀን የነበረውን መልክ ብቻ ነው። በየካቲት የጠራ ውሃ በግንቦት እንደ ጎመን ወጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አገር ውስጥ መቀመጥ ያስፈልጋል።

መቀመጥ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ከተከፈተ በኋላ ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። በ1960ዎቹ ባክስተር፣ ፕሮሰርና ውድ የተባሉ የውጭ አገር መምህራን ከማስተማር ሥራቸው ጎን ለጎን ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቁትን የቢሾፍቱ ሐይቆች እየተመላለሱ መለካት ጀመሩ። ታሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ የውሃ ሳይንቲስትም አብሯቸው ሠራ።

መሣሪያቸው ጀልባ፣ ገመድ፣ ቴርሞሜትርና ጠርሙስ ነበር። የቢሾፍቱን ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ብለው የመዘገቡት እነሱ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እየደጋገሙ መለካታቸው ነው። የሐይቁን ሙቀት ከላይ እስከ ታች፣ በየወቅቱ እየወሰዱ አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ ከፍታ ቦታ የአፍሪካ ሐይቆች አንድ ቁም ነገር አስተማረ፦ በሞቃቱ ወራት የላይኛው ውሃ ሞቆና ቀልሎ ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ሲጠራና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ውሃ ከብዶ ይሰምጣል፤ ሐይቁም ይገለባበጣል።

የሐይቁ መገለባበጥ ለዓሣ አጥማጅም ጉዳይ ነው። ከታች ለወራት የተዘጋው ውሃ ኦክስጅን የለውም። በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣ በጅምላ ሊያልቅ ይችላል። ከታች የተከማቸው ንጥረ ነገርም አብሮ ስለሚወጣ አልጌ ምግብ ያገኛል። የቢሾፍቱ ሰው በብርድ ወራት ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ ባየ ጊዜ መርዝ የጨመረ ሰው ሊጠረጥር ይችላል። የአራት ኪሎ ቴርሞሜትር ግን ሌላ ተጠርጣሪ አመጣ፦ የታኅሣሥን ብርድ።

*ስሙ አረንጓዴ የሆነ ሐይቅ*

ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንዱ "አረንጓዴ" ይባላል። ስሙ የወጣለት ከውሃው ቀለም ሲሆን፣ ቀለሙን የሚሰጠው ዛሬ ዓለም "ስፒሩሊና" ብሎ በዱቄትና በክኒን የሚሸጠው ረቂቅ ፍጥረት ነው። ጨዋማና የሶዳ ባሕርይ ያለው ውሃ ይስማማዋል። ሌላ ብዙ ነገር በማይኖርበት ውሃ ውስጥ እሱ ይፋፋል፤ ፍላሚንጎም እሱን እየበላ ይኖራል። ቻድ ውስጥ የካኔምቡ ሴቶች ይህንኑ ከውሃ ላይ ገፍፈው፣ በፀሐይ አድርቀው ለምግብ ያውሉታል።

ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር አረንጓዴንና ጎረቤቱን ቂሎሌን ለአንድ ትልቅ ጥያቄ ተጠቀሙባቸው፦ አልጌ ያለ ልክ መራባት ይችላልን? መልሳቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ምግብ እንደ ልብ በሆነበት ውሃ አልጌን የሚያቆመው ብርሃን ነው። አልጌው በበዛ ቁጥር የላይኛው ለታችኛው ጥላ ይሆንበታል፤ በመጨረሻ ራሱን በራሱ ያፍነዋል። ሁለቱ የኢትዮጵያ ሐይቆች ወደዚህ ጣሪያ እጅግ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። በሌላ አነጋገር፣ አልጌ በዓለም ላይ ምን ያህል ሊበዛ እንደሚችል ለማወቅ ከተለኩት ውሃዎች መካከል ከአራት ኪሎ በመኪና ተሂዶ በዕለቱ የሚመለስባቸው ይገኙበታል።

በዚያው ዓመት ካናዳ ውስጥ ሺንድለር የተባለ ሳይንቲስት ሌላውን ግማሽ እንቆቅልሽ ይፈታ ነበር። አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈለ። በአንዱ ወገን ናይትሮጂንና ካርቦን ጨመረ፤ በሌላው ወገን በእነዚሁ ላይ ፎስፈረስ አከለ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደ ጠራ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶግራፍ ብዙ መጽሐፍ የማይችለውን ክርክር ዘጋ። ፎስፈረስ ያለው በሰውና በእንስሳት እዳሪ፣ በማዳበሪያና በብዙ የማጠቢያ ዱቄቶች ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚወጣው ትምህርት ሦስት ጥያቄ ነው። ውሃው ምን ያህል ፎስፈረስ በልቷል? ብርሃን እስከ ምን ጥልቀት ይገባበታል? ውሃው ረግቷል ወይስ እየተቀላቀለ ነው? ለሦስቱ መልስ ያለው ሰው ሐይቁ መቼ አረንጓዴ እንደሚሆን መገመት ይችላል። ግምቱ ደግሞ ከአገራችን የዘመን አቆጣጠር ጋር የሚሄድ ነው። ክረምት ፎስፈረሱን ከእርሻና ከቦይ ጠርጎ ያመጣል፤ ጭቃውን ግን አብሮ ስለሚያመጣ ውሃው ይጨልማል። ጎርፉ ቆሞ ጭቃው ሲዘቅጥና ፀሐይ ሲበረታ የአልጌው ድግስ ይጀመራል። የደረቁ ወራት ብርድ ሐይቁን ያገላብጠዋል፤ ከዚያ የሚመጣው ሙቀት መልሶ ያረጋዋል።

*አንዱ አረንጓዴ ሲያበላ፣ ሌላው ሲገድል*

የአራት ኪሎው ሥራ በውጭ አገር መምህራን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጫሞ ሐይቅ ላይ አልጌ ባልተለመደ ሁኔታ በተራባ ጊዜ ክስተቱን ያጠኑት ኢትዮጵያዊው አምሃ በላይና ውድ ናቸው። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1982 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መጽሔት "ሲኔት" ላይ ወጣ። አምሃ በላይ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው ካሊፎርኒያ ውስጥ ስፒሩሊና በሰፊው የሚያመርት ድርጅት የሳይንስ መሪ ሆኑ። ስሙን ከአልጌ ያገኘ ሐይቅ ባለበት አገር የተቃኘ እውቀት፣ አልጌን እንደ ሰብል በሚያጭዱበት በረሃ ሥራ ላይ ዋለ።

ሁሉም አረንጓዴ ግን አረንጓዴ ሐይቅ አይደለም። ሳይኖባክቴሪያ ከሚባሉት መካከል "ማይክሮሲስቲስ" የተባለው ባሕርዩ ይለያል። በሴሉ ውስጥ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስላሉት ውሃው ሲረጋ ወደ ብርሃኑ ይንሳፈፋል፤ ሌላው አልጌ ከስሩ በጥላ ይቀራል። ተጣብቆ ስለሚያድግ ለጥቃቅን የውሃ እንስሳት አፍ አይመችም። ብዙ ጊዜም ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ይሠራል። ይህ መርዝ ውሃ በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ማፍላት ሴሉን አፈንድቶ መርዙን ወደ ውሃው ሊለቀው ይችላል። እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት መፍትሔ፣ "አፍልተህ ጠጣ" የሚለው፣ እዚህ ላይ አይሠራም።

ብራዚል ይህን የተማረችው በሕይወት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ካሩዋሩ በተባለች ከተማ አንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል የተጠቀመበት ውሃ ከአልጌ መርዝ ስላልጸዳ ከ50 በላይ ታካሚዎች ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ ማይክሮሲስቲን በሊትር ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

*ፒያሳ የሚጠጣው*

አዲስ አበባ መጀመሪያ የጠጣችው ከምንጭና ከእንጦጦ በቧንቧ ከወረደ ውሃ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ በምዕራብ ገፈርሳ ተገደበ። እ.ኤ.አ. በ1970 በምሥራቅ ለገዳዲ ተጨመረ፤ በኋላም ድሬ ተከተለ። ዛሬ ከአቃቂ ጉድጓዶች ጋር እነዚህ ግድቦች የከተማዋ ጡት ናቸው።

ለገዳዲ የራስ መኮንን ድልድይ ወንዝ አይደርሰውም። የራሱ ተፋሰስ አለው፤ በዙሪያው እርሻ፣ ከብትና እያደጉ ያሉ ከተሞች አሉ። ፎስፈረስ ግን ከየትም ይምጣ ሥራው አንድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኔዘርላንድስ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ለገዳዲ ግድብ ውስጥ መርዝ ሠሪ ሳይኖባክቴሪያ በብዛት እንደሚራባ፣ በግድቡ ውሃ ውስጥ ያለው ማይክሮሲስቲንም ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ግድብ ውስጥ ያለ ውሃና ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ማጣሪያ አለ። የጥናቱ ቁጥር "ቧንቧው መርዝ ነው" ተብሎ ለሽብር መዋል የለበትም። የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ በከተማውና በመርዙ መካከል የቆመው ማጣሪያው ብቻ ስለሆነ፣ ማጣሪያው ምን እየመጣበት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፤ ግን ለመረዳት አይከብድም። አልጌው ሳይፈነዳ ከተያዘ መርዙ አብዛኛው በሴሉ ውስጥ እንዳለ በማዝቀጥና በማጣራት ይወገዳል። ሳይታወቅ ገና በመግቢያው ላይ ክሎሪን ከተጨመረበት ግን ሴሉ ይፈነዳል፤ በውሃው የሟሟ መርዝ ደግሞ በአሸዋ ማጣሪያ አይያዝም። ቀድሞ ያወቀ ባለሙያ ክሎሪኑን ወደ መጨረሻ ሊያዘገየው፣ ውሃውን ከሌላ ጥልቀት ሊቀዳ ወይም መርዝ የሚመጥጥ የተዘጋጀ ከሰል ሊጨምር ይችላል። እነዚህን ሁሉ ለማድረግ የጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

*ፒያሳ የሚልከው*

ወደ ድልድዩ እንመለስ። አባ ሳሙኤል ግድብ በጣሊያን ዘመን መጨረሻ ገደማ ተሠርቶ ለአዲስ አበባ መብራት ያመነጭ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሥራ አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ ተመለሰ። ከመብራቱ ይልቅ የሚታወቀው ግን የከተማዋ ፍሳሽ ማረፊያ በመሆኑ ነው። የወንዞቹ ፎስፈረስ እዚያ ይከማቻል፤ ውሃው በእምቦጭ ይሸፈናል፣ እምቦጭ በሌለበት አረንጓዴ ይሆናል። እምቦጭና አልጌ በመልክ ቢለያዩም የአንድ ማዕድ ተካፋዮች ናቸው። እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ መስመር፣ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው።

ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ለኤሌክትሪክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ዛሬ በዙሪያው የሚኖሩ ሰዎች ይጠጡታል፣ ከብት ያጠጡበታል፣ ዓሣ ያወጡበታል፣ አትክልት ያለሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 አልጀዚራ ስለዚህ ውሃና ስለታመሙት ሰዎች ያቀረበው ዘገባ ርዕሱ "አረንጓዴው ሐይቅ" ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን የመረመረ ጥናት ቆቃ ውስጥ ማይክሮሲስቲን አገኘ። ለቆቃው ፎስፈረስ ተጠያቂዋ አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም፤ እርሻም ፋብሪካም ሌሎች ከተሞችም ድርሻ አላቸው። ግን ከላይ የተቀመጠ ሰው የእጁን ሳያይ ከታች ያለውን ሊወቅስ አይችልም።

በዚያ ሐይቅ ዳር ያለች እናት ማጣሪያ የላትም። ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ያላት ምርጫ ሩቅ መሄድ ወይም መጠጣት ነው። "ይህን ሳምንት ከዳር አትቅዱ፣ ከብት አታጠጡ" የሚላት ቢኖር ሩቅ ለመሄድ ምክንያት ታገኝ ነበር። ለእሷ የአልጌ ትንበያ ማለት ይኸው ነው።

*የኤሪ ትምህርት*

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ከተማ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ለቀናት የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ተነገረው። ከኤሪ ሐይቅ የሚቀዳው ውሃ ውስጥ ማይክሮሲስቲን ተገኝቶ ነበር። ሀብታም አገር መሆን ከአልጌ አላዳነም። ሆኖም ኤሪ ላይ ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ ይፋዊ ትንበያ ይወጣል። ዋናው መነሻ ቀላል ነው፦ ማውሚ የተባለው ወንዝ በጸደይና በበጋ መግቢያ ወደ ሐይቁ ስንት ፎስፈረስ አስገባ? ያ ሲታወቅ የዘንድሮው አልጌ የከፋ ወይም የቀለለ እንደሚሆን አስቀድሞ ይነገራል። ከዚያ ሳተላይት ይከታተለዋል፤ ነፋስና ሙቀት ወዴት እንደሚገፉት ይሰላል።

ከዚህ ውስጥ ለአዲስ አበባ የማይቻል ምን አለ? የአውሮፓ ሳተላይቶች ለገዳዲን፣ አባ ሳሙኤልንና ቆቃን በየጥቂት ቀኑ ያነሳሉ፤ ምስሉ በነፃ የሚገኝ ነው። የውሃን ጥራት ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ ያስተዋወቀው መሣሪያ ገመድ የታሰረበት ክብ ሳህን ነው። ሳህኑ ሲሰምጥ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል፤ በቃ። ቴርሞሜትርና ማይክሮስኮፕም ብርቅ አይደሉም። ባለሙያም አለ፤ አራት ኪሎ ለአሥርት ዓመታት ሲያስተምር ኖሯል።

የሚጎድለው አሰልቺው ነገር ነው፦ በየሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በጀት ኖረም አልኖረም፣ ፈረንጅ መጣም አልመጣም መለካትና የተለካውን ለሕዝብ ማውጣት። የአገራችን የሐይቅ ጥናት ታሪክ በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ታሪክ ነው። አንድ ተማሪ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ይለካል፣ ይመረቃል፣ ልኬቱም አብሮት ይመረቃል። ቀጣዩ ተማሪ ሌላ ሐይቅ ይመርጣል። እንዲህ በተቆራረጠ መዝገብ ትናንትን መግለጽ ይቻላል፤ ነገን መተንበይ ግን ያስቸግራል።

ማቋረጥ ምን እንደሚያሳጣ፣ መቀጠልም ምን እንደሚሰጥ ቂሎሌ ምስክር ነው። በ1960ዎቹ በአረንጓዴነቱ የተለካው ይህ ሐይቅ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለመስኖ ሲባል የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገባበት። ብሩክ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ተመልሰው ሲለኩት የሶዳ ባሕርዩ ተዳክሟል፤ የቀድሞው አልጌም ስፍራውን ለቋል። ወንዝ ሐይቅን እንዴት እንደሚለውጥ ማሳየት የተቻለው ከሃያ ዓመት በፊት ሰዎች ለክተው፣ መዝግበው ስለነበር ብቻ ነው።

*ፈተናው የሚታረመው አባ ሳሙኤል ላይ ነው*

እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያቀደ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አራት ኪሎን መልካቸውን ለውጧል። ብዙ ሰው ከሰፈሩ ተነስቷል፤ መንገድ ሰፍቷል፤ የወንዝ ዳር መናፈሻ ተሠርቷል። ስለ መልኩም ስለ ተነሺዎቹም ክርክሩ ይቀጥላል። ስለ ውሃው ግን ክርክር የሚዘጋ መለኪያ አለ።

የድንጋይ ንጣፍና የሌሊት መብራት ፎስፈረስን አያስቆሙም። የሚያስቆመው ሽንት ቤቱ ከወንዙ ጋር ሳይሆን ከፍሳሽ መስመር ጋር ሲገናኝ፣ መስመሩም ቃሊቲን ወደመሰለ ማጣሪያ ሲደርስ ነው። ይህ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለውን ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም፤ ከላይ ያማረ ወንዝ ከታች ያንኑ ጭነት ይዞ ሊወርድ ይችላል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይላሉ አበው።

መልሱ ያለው አባ ሳሙኤል ላይ ነው። በየዓመቱ ወደዚያ የሚገባው ፎስፈረስ ይለካ፤ ሳህኑ በስንት ሜትር ከዓይን እንደሚጠፋ ይመዝገብ፤ ቁጥሩ በአደባባይ ይለጠፍ። ለገዳዲም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለ ውሃ መግለጫ ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ፈረቃው ነው፦ በየትኛው ቀን ይመጣል፣ በየትኛው ይሄዳል። ከፈረቃው ጎን "በሚቀጥሉት ሳምንታት ግድቡ ላይ አልጌ ይጠበቃል፤ የተወሰደው ጥንቃቄ ይህ ነው" የሚል አንድ መስመር መጨመር ሕዝብን አያሸብርም፤ መተማመንን ይገነባል።

ከስድሳ ዓመት በፊት የአራት ኪሎ መምህራን በአንድ ቴርሞሜትርና በአንድ ጀልባ ሐይቅ መቼ እንደሚገለበጥ አውቀዋል። ድልድዩ ያኔም ነበር፤ ወንዙም ያኔ ይወርድ ነበር። እውቀቱ ከግቢው በር ወጥቶ ጥቂት መቶ እርምጃ ቁልቁል እስኪወርድ ድረስ፣ ፒያሳ የሚልከውን ደብዳቤ ቆቃ ዳር ያለችው እናት በጀሪካኗ መቀበሏን ትቀጥላለች።